ስምንት የውሰት ተማሪዎች

ሞዜል ባይ ቼሪካር በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ስምንት ልጆች ተዋሰች። ስኳር፣ ጃንጥላ፣ መሰላል መዋዋስ በታምባዲ፣ በዚያች የሕንድ የባሕር ዳር ከተማ፣ ያለ ነው፤ ማንም ማንንም አይታዘብም። ልጅ የተዋሰ ሰው ግን፣ ያውም ስምንት፣ ያውም ለእሑድ ጠዋት፣ ከሷ በፊት አልተሰማም። እሷም ብትሆን ወዳ አይደለም።

መዘዙን ያመጣው ከሙምባይ የተላከ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ያመጣው ደግሞ የምኩራቡ ጠባቂ ሃየም ካካ ነበር። ክፉ ወሬ እጁ ሲገባ እግሩ የሚፈጥን ሰው አለ አይደል? ሃየም ካካ እንደዚያ ነው፤ «ካካ» በነሱ አጎት ማለት ነው፣ «ባይ» ደግሞ እመቤት። የእሑድ ትምህርት ቤቱ መምህርት ሞዜል ባይ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ኮኮናት ስትፈቀፍቅ ወረቀቱን እያውለበለበ ደረሰ።

«ሞዜል፣ ጉድሽ ፈላ!» አላት፣ ገና በሩን ሳያልፍ።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«ተመራማሪ ይመጣብሻል። ዶክተር ነው አሉ። የአይሁድ ልጆች በየአገሩ ምን እንደሚማሩ፣ ራሳቸውንስ ማን ነን እንደሚሉ እየዞረ የሚያጠና። አርባ ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው።»

«ይምጣ! ልጆቼ ፊደል ለይተዋል፣ በዓላቱን ያውቃሉ፣ መዝሙሩንም ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ ያቀልጡታል። ምን እንዳልሆን ነው?»

«ልጨርስልሽ እንጂ። ከአሥር ተማሪ በታች ያለው የእሑድ ትምህርት ቤት ከሙምባዩ ጋር ይቀላቀላል ይላል። ቆጥሮ እንዲጽፍ የታዘዘው ይኸው ዶክተር ነው። አንቺ በየዓመቱ አሥራ አራት እያልሽ ትልኪያለሽ። እኔ በመስኮት የማያቸው ስድስት ናቸው። ወይስ ዓይኔ ነው የደከመው?»

«ዓይንህ ደህና ነው» አለች ሞዜል ባይ፤ መፈቅፈቂያው ከእጇ ወደቀ።

አሥራ አራት የነበሩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በአንድ ክረምት ሦስት ቤተሰብ ጓዙን ሸክፎ ወደ እስራኤል ሲገባ ስምንት ልጆች አብረው ሄዱ። በቀጣዩ እሑድ ሞዜል ባይ ስም ስትጠራ ሳታስበው «ሴፎራ!» አለች። ልጆቹ ወደ ባዶ ቦታዋ ዞሩ። ከዚያ የሴፎራ የአክስቷ ልጅ አዛርያ «አለች!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ የሄዱትም ስም ይጠራል፤ የቀሩት ስድስቱ በአንድ ድምፅ «አለ!» «አለች!» ይላሉ። የዓመቱ ሪፖርት ሲደርስ እሷ ከመዝገቡ ላይ ገልብጣ ትልካለች። ናፍቆት ነው እንጂ ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አሳምናለች። ናፍቆትን የሚቆጥር ዶክተር ይመጣል ብላ መቼ ጠረጠረች?

ሙምባይ ቅርብ ነው የሚል ካለ እሑድ ጠዋት ልጅ ይዞ ይሞክረው! መጀመሪያ ጀልባ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ያ ሰው በመስኮት የሚንጠለጠልበት ባቡር። የታምባዲ እናት ልጇን ፊደል ላስቆጥር ብላ በዚያ ሁሉ አታንከራትትም። ይቀላቀላል ማለት ይዘጋል ማለት ነው። ሞዜል ባይ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ የወለደችውም የለም፤ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ኑሮዋን የምትቆጥረው ከእሑድ እስከ እሑድ ነው። ያቺ ክፍል ከተዘጋች እሑድን ምን ታድርገው? እዚያው ሃየም ካካ ፊት አለቀሰች፤ እሱም እንደ ልማዱ የኮኮናቱን ፍቅፋቂ እየቆነጠረ እየበላ አጽናናት።

በማግስቱ ጠዋት ዓሣ ሻጯ ጋንጉ ቅርጫቷን በራሷ ተሸክማ ስትመጣ ሞዜል ባይ ቆርጣ ነበር። ጋንጉ ለዳኛም ለቄስም «አንተ» የምትል፣ ሳቋ ከባሕሩ ዳር እስከ ገበያው የሚሰማ ሴት ናት።

«ጋንጉ፣ ልጆችሽን አውሺኝ።»

«ምን ልታደርጊያቸው?»

«አይሁድ።»

ጋንጉ ቅርጫቷን አወረደች። «ለስንት ቀን?»

«ለአንድ እሑድ። ከመለማመጃው ጋር ለአራት። ምኩራቡን ሊዘጉብኝ ነው፣ እህቴ፣ ምኩራቡን እንኳ አይደለም፣ ክፍሌን!»

«ሦስቱንም ውሰጂ። እንዴት አድርገሽ ነው የምትመልሽልኝ?»

«እንደወሰድኳቸው ነዋ።»

«እንደወሰድሻቸውማ ከሆነ አልሰጥም! ትንሽ አስተካክለሽ መልሺልኝ እንጂ።»

ልብስ ሰፊው ሙክታር ሦስት ሰጠ። «ፈተና ከሆነ ልጆቼ ለምደውታል፤ ሁልጊዜ ይወድቃሉ» ብሎ ብቻ አስጠነቀቃት። ሁለቱ የዳቦ ቤቱ ልጆች ደግሞ ማንም ሳይሰጣቸው ካራንጂ ይታደላል ሲባል ሰምተው መጡ፤ በኮኮናት የተሞላውን የሞዜል ባይን ካራንጂ የማያውቅ ልጅ በከተማው የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ሞላ።

ሦስት እሑድ ተለማመዱ። ሞዜል ባይ ለኃጢአቷም ድንበር አበጀችለት፤ መዝሙር አስተማረቻቸው፣ ፊደል አስቆጠረቻቸው፣ ጸሎት ግን አላስነካቻቸውም። ጸሎት ለትያትር አይሆንም አለች። የጋንጉ ትልቋ ልጅ ፓሩ አሥር ዓመቷ ነው፤ አፏ እንደ እናቷ ነው።

«ያን ቀን ስምሽ ሴፎራ ነው» አለቻት ሞዜል ባይ።

«ሴፎራ ማናት?»

«እዚያ አግዳሚ ላይ ትቀመጥ የነበረች ልጅ። አሁን እስራኤል አገር አሽዶድ ናት።»

«ከመጣች ትጣላኛለች?»

«አትጣላሽም።»

«እንግዲያ እሺ።»

ችግሩ እነዚህ ልጆች ዝም ብለው አይቀመጡም። የዳቦ ቤቱ ጫጫታ፣ የጋንጉ ልጆች ግፊያ! ጸጥ የሚሉት ተረት ሲነገራቸው ብቻ ስለሆነ ሞዜል ባይ የነቢያቱን ታሪክ ታወርድላቸው ጀመር። ዶክተሩ በሚመጣበት እሑድ ጠዋት ከአምላክ ትእዛዝ ሸሽቶ በመርከብ የኮበለለውን፣ ባሕር ውስጥ ተጥሎ ዓሣ የዋጠውን ነቢይ ታወራላቸው ነበር። ከመዋጡ ላይ ስትደርስ ውጭ የሪክሾ ጥሩምባ ጮኸ።

«መጣ!» አለ ሃየም ካካ በመስኮት፣ ከዚያ ጥቂት ቆየና «መጣች! ዶክተሩ ሴት ናት!»

«በቃ፣ ተረት አበቃ፣ ስማችሁን አስታውሱ!» አለች ሞዜል ባይ።

ዶክተር ዲክላ ብሩመር ሠላሳ ያልሞላት የምትመስል፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ፣ ቦርሳዋ ከሷ የሚበልጥ ሴት ናት። ሙምባይ ሁለት ዓመት ተቀምጣ የአገሩን ቋንቋ ማራቲን ተምራለች፤ ስትናገር መጽሐፍ የምታነብ ይመስላል እንጂ አንዲት ቃል አትስትም። እየሳቀች ገባች፣ ልጆቹን ቆጠረች፣ አሥራ አራት ብላ ጻፈች። ሞዜል ባይ የአምላክን ስም በሆዷ ጠራች፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ይሁን ለማመስገን እሷም አልለየችውም።

«ከአንድ እስከ አምስት ብትሰጥ፣ ራስህን ምን ያህል አይሁድ ነኝ ትላለህ?» ብላ ዶክተሯ አዛርያን ጀመረች።

«ሦስት ተኩል።»

«ለምን ሦስት ተኩል?»

«በሒሳብም የማገኘው እሱን ነው።»

ወደ ፓሩ ዞረች። «አንቺስ ሴፎራ?»

«አምስት» አለች ፓሩ። «ስድስት የለም?»

የልብስ ሰፊውን መካከለኛ ልጅ ከበዓላት ሁሉ የትኛውን እንደሚወድ ጠየቀችው። «ጾሙ የሚፈታበትን» አለ፣ ሳያስብ። ዶክተሯ ደስ ብሏት አሰመረችበት። የውሰቶቹ እንዲህ ሲያበሩ የሞዜል ባይ እውነተኞቹ ስድስቱ ጣታቸውን ይበሉ ነበር። ትንሿ ሌቫና «ማን ነሽ?» ስትባል ደንግጣ የቤቷን ቁጥር ተናገረች። ቢሆንም አርባ ሁለቱ ጥያቄ አለቀ፣ ዶክተሯ ወረቀቷን ሰበሰበች፣ ሞዜል ባይ የማሊዳውን ትሪ አቀረበች፤ በኮኮናትና በስኳር የታሸው ሩዝ በየሰሃኑ ተቆነነ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሃየም ካካ ባይኖር ኖሮ ያበቃ ነበር።

«ዶክተር» አለ ሃየም ካካ አፉን ሞልቶ፣ «እኛ እኮ ጥንትም ተመራምረውብናል! አባቶቻችን መርከባቸው ተሰባብሮ እዚህ ዳርቻ ሲወጡ መጽሐፍ የላቸው፣ ምን የላቸው። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ አንድ መንገደኛ መጣና ጠረጠረ። እነዚህ ቅዳሜ የማይሠሩ ዘይት ጨማቂዎች ወገኖቼ ይሆኑ እንዴ? አለ። ምን ያድርግ? ቅርፊት ያለውንና የሌለውን ዓሣ ቀላቅሎ ለሴቶቻችን ሥሩልኝ ብሎ ሰጠ። ሴቶቻችን ሕጋችን የሚከለክለውን፣ ቅርፊት የሌለውን መርጠው ወረወሩት! በቃ፣ ወገን መሆናችንን አወቀ። አርባ ሁለት ጥያቄ አላስፈለገውም!»

ዶክተሯ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዓይኗ በራ።

«ለምን አሁን አንሞክረውም?»

ሞዜል ባይ ሃየም ካካን ያየችው አስተያየት ሰው የሚያደርቅ ነበር። የውሰቶቹ ልጆች ሸርጣኑን፣ አምባዛውን፣ ከባሕር የወጣውን ሁሉ ሲበሉ ነው ያደጉት! «ዛሬ ዓሣ የለም» አለች ቶሎ ብላ። «እሑድ ዓሣ አይወጣም። ባሕሩም ደህና አይደለም።»

ይህን ስትል በሩ ላይ «ዓሣ! ትኩስ ዓሣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋንጉ ናት። ለመሸጥ አልመጣችም፤ ልጆቿ አይሁድ ሆነው ሲፈተኑ ለማየት ነው የመጣችው፣ ቅርጫቱ ማመካኛ ነው። ዶክተሯ ቅርጫቱን እንዳለ ገዛችው። ጋንጉ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላ ልጆቿን እንደማያውቅ ሰው አየቻቸው፤ ትንሹ ልጇ «እማ» ሊል ሲል ፓሩ በክርኗ ጎሸመችው።

ሞዜል ባይ በመጀመሪያ እውነተኞቹን ስድስቱን ጠራች። ሁለት ባዶ ቅርጫት ቀረበ፤ የሚበላው እዚህ፣ የማይበላው እዚያ ተባለ። አዛርያ ረጅሙንና እንደ ቀበቶ የተልመጠመጠውን ባለብር ዓሣ አንስቶ የሚበላው ውስጥ አጋደመው።

«ለምን?» አለችው ዶክተሯ።

«ያብረቀርቃላ!»

ሌቫና ጠፍጣፋውን ነጭ ዓሣ፣ እያንዳንዱ አይሁድ ቤት ለበዓል የሚሠራውን፣ ዳበሰችውና ልስልስ ሲልባት የማይበላው ጋ ወረወረችው። ሌላው ልጅ ጭራሽ አልነካም። «እኛ ቤት ዓሣ የሚመጣው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው፣ ራስ የለውም» አለ። ሞዜል ባይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አርባ አንድ ዓመት! ፊደል አስቆጠረች፣ መዝሙር አስጠናች፣ አያቶቻቸው የታወቁበትን አንዱን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አሳይታቸው አታውቅም። እናቶቻቸው ያሳይዋቸዋል ብላ፣ እናቶቹ ደግሞ ሞዜል ባይ ታሳያቸዋለች ብለው።

ከዚያ ፓሩ ተጠራች። እጅጌዋን ሰበሰበች። ዓሣውን አላየችውም ማለት ይቻላል፤ እጇ ነው የሚያየው። ይኼ እዚህ፣ ያ እዚያ፣ አምባዛው ውጭ፣ ሸርጣኑ ውጭ፣ ባለብሩ ቀበቶ ውጭ! ሌቫና የጣለችውን ነጩን ዓሣ አንስታ ጭራው ሥር በጥፍሯ ፈቀፈቀችና ሁለት ቀጫጭን ቅርፊት ለልጅቷ አሳየቻት። «የዚህ ቅርፊት መረቡ ላይ ይረግፋል፤ ግን እዚህ ጋ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ይቀራል። እዚህ ነው የሚታየው።» ወንድሞቿ ዘለው ገብተው አገዟት። ቅርጫቱ ባዶ ሆነ፤ አንድ ስሕተት የለም።

ዶክተሯ አጨበጨበች። «ሴፎራ! በየአገሩ ስንት ልጅ ጠይቄያለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም! የማን ልጅ ብትሆን ነው?»

ጋንጉ ስድስት ወር ዝም በይ ብትባል ትችል ይሆናል፤ ልጇ ስትመሰገን ግን አልቻለችም። ከመሬት ብድግ አለች፣ ደረቷን ነፋች፦

«የማን ልጅ መሰለችሽ! የኔ ናታ!»

ሃየም ካካ ማሊዳውን እንደጎረሰ ቀረ። ጋንጉ ያለችው የገባት ካለች በኋላ ነው፤ አፏን በሁለት እጇ ጫነችው።

«ልጅሽ?» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «አንቺ... አይሁድ ነሽ?»

«እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ» አለች ጋንጉ፤ አሁን መደበቁ ዋጋ የለውም። «ሃያ ዓመት ለቅዳሜ ሰዎች ቤት ዓሣ አመላልሻለሁ፣ ከኔ በፊት እናቴ። ቅርፊት የሌለው አንድ ከተቀላቀለብኝ የሞዜል እናት ቅርጫቱን ከነዓሣው መንገድ ላይ ትደፋብኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና! ልጆቼ መራመድ ሳይጀምሩ ነው ይኼ የኛ፣ ይኼ የነሱ ብለው መለየት የተማሩት።»

«ሌላስ?» አለች ዶክተሯ፤ ፊቷ ከፀሐዩም በላይ ቀላ። «ሌላ ማን አለ?»

የሙክታር ልጆች እጃቸውን አወጡ። የዳቦ ቤቶቹም አወጡ። የሙክታር ትንሹ ልጅ እንዳይረሳ ብሎ ሁለት እጁን አወጣ።

ሞዜል ባይ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ልጆቹን ተይ፣ ከኔ ጋር ተጣዪ» አለች። ገብታ መዝገቡን አመጣችና ስምንቱን ስም እያሳየች ሁሉንም ነገረቻት፤ ማን የት እንደሄደ፣ ስም ሲጠራ ማን ለማን እንደሚመልስ። «መሰረዝ አቃተኝ። ብሰርዛቸው ሁለተኛ ጊዜ ይሄዱብኛል።»

«ሞዜል ባይ፣ እኔ ይህን ጽፌ ሄጄ ቢሆን ኖሮስ?» አለች ዶክተሯ። ተናዳለች፤ ደግሞም ሊያስቃት የሚታገላት ነገር አለ፣ እሱም አናደዳት። «አርባ ሁለት ጥያቄ ጠይቄ በጣም አይሁድ ሆኖ የተገኘው የዓሣ ሻጭ ልጅ ነው ብዬ? መሳቂያ ሊያደርጉኝ ነበር እኮ!»

«በውሸቱ እኔም አፍሬያለሁ። ያንገበገበኝ ግን እሱ አይደለም» አለች ሞዜል ባይ። «የኔዎቹ ዓሣ አለማወቃቸው ነው።»

ዶክተሯ የሞላችውን ወረቀት ሁሉ ቀደደችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። «የዛሬውን ቀድጄዋለሁ። የዛሬ ሳምንት እመለሳለሁ፣ የመጣውን እቆጥራለሁ። ግን ማንንም አይጥሩ! አይለምኑ፣ ካራንጂም አይጋግሩ። በራሱ እግር የመጣ ብቻ።»

«የኛን ልጆች ብቻ ነው የምትቆጥሪው?»

ዶክተሯ ቅጹን አውጥታ አነበበች። «ተማሪ ማለት በፈቃዱ መጥቶ ለመማር የተቀመጠ ሰው ነው ይላል።»

«የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም?»

ዶክተሯ ገጹን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። «አይጠይቅም» አለች፤ ራሷ ባዘጋጀችው አርባ ሁለት ጥያቄም ውስጥ አልነበረምና በጣም አፈረች።

ያቺ ሳምንት ለሞዜል ባይ አሳር ነበረች። እጇ ሊጥ ሊያቦካ ይነሣል፣ ትመልሰዋለች። ጋንጉ በየጠዋቱ ስትመጣ ስለ ዓሣ ብቻ ያወራሉ።

«ምነው ዝም አልሽ?» ትላለች ጋንጉ።

«ዝም በይ ተብያለሁ።»

«ልጆቼ እኮ ምንም አልተስተካከሉም።»

ሞዜል ባይ ልትመልስ አፏን ትከፍትና ምላሷን ትነክሳለች። ሃየም ካካ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በሌላ መንገድ ነው የሄደው፤ ደህና አደረገ፣ ቢያጋጥማት መፈቅፈቂያዋ አይቀርለትም ነበር።

እሑድ ደረሰ። ዶክተሯ በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ብዕሯን ይዛ። ሞዜል ባይ ሰሌዳውን ጠረገች፣ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። ሌቫና መጣች። አዛርያ ጣቱን በጨርቅ አስሮ መጣ።

«ምን ሆንክ?»

«እናቴን ከነራሱ ግዢ ብዬ አስገዛኋት፣ ወጋኝ። ባለብሩ ግን አይበላም አይደል? ለሷም ነገርኳት።»

ሞዜል ባይ በተነከሰው ምላሷ ምንም አላለችም፣ ጭንቅላቱን ብቻ ዳበሰችው። ስድስቱም ገቡ። ከዚያ ማንም አልመጣም። የሙክታር ልጆች የክሪኬት ዱላቸውን ይዘው በበሩ ሲያልፉ እጃቸውን አውለብልበውላት ሄዱ። ከዳቦ ቤቱ በኩል ጭስ እንጂ ልጅ አልታየም። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ሞዜል ባይ ዓይኗን ከመንገዱ ነቅላ ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ጀመር፤ ቅስሟ ተሰብሯል።

በዚህ መሐል ባዶ እግር በድንጋዩ ላይ ሲሮጥ ተሰማ። ፓሩ ሁለት ወንድሞቿን እየጎተተች ገባች፤ ሦስቱም እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል።

«የዓሣው ጀልባ አዘገየን! ባይ፣ ያ ሰውዬ ወጣ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ዓሣው የዋጠው ነዋ! ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ትተውት ሄዱ እኮ! ይኼ ትንሹ እንቅልፍ አጣ።»

ሞዜል ባይ ሳቋም ዕንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ዶክተሯ ቆጠረች። «ዘጠኝ» አለች። ሁለተኛ ቆጠረች፤ ያው ዘጠኝ ነው። ይህን ቁጥር በታምባዲ የማያውቀው የለም። ወንዶቹ ለጸሎት ሲሰበሰቡ ሁልጊዜ የሚጎድለው አሥረኛው ነው፤ ሃየም ካካ እየሮጠ ጀልባ ማረፊያው ላይ ያገኘውን አይሁድ በክንዱ ጎትቶ ያመጣል። አሁንም በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ዘጠኝ? ጀልባው ጋ ልሩጥ?»

«ተከልክለናል፣ ዞር በል!» አለችው ሞዜል ባይ።

ዶክተሯ የብዕሯን ክዳን ገጠመች። «አዝናለሁ፣ ሞዜል ባይ። ከልቤ ነው የማዝነው።»

«ይሁን። ሰውየውን ግን ዓሣ ሆድ ውስጥ ትቼው ክፍሌን አልዘጋም።» መዝገቡን ገለጠች፣ ስም መጥራት ጀመረች፤ አፏ ስለለመደ የሄዱትንም ጠራች። «ሴፎራ!»

«አለች!» አሉ ስድስቱ።

«ሴፎራ አሽዶድ ናት» አለች ፓሩ ከአግዳሚው ላይ። «እኔ ፓሩ ነኝ። እኔንም ይጻፉኝ።»

ሞዜል ባይ ከሴፎራ በታች ፓሩ ብላ ጻፈች፤ ማንንም አልሰረዘችም። ከዚያ ታሪኩን ቀጠለች። ነቢዩ በጨለማው ውስጥ ጸለየ፣ ሦስት ቀን ሆነው፣ ዓሣውም ወደ ደረቁ ምድር ተፋው። የጋንጉ ትንሹ ልጅ እፎይ አለ። የፓሩ እጅ ግን ወጣ።

«ባይ፣ ያ ዓሣ ቅርፊት ነበረው?»

ሞዜል ባይ መዝገቡን አስቀመጠች። አርባ አንድ ዓመት ይህን ታሪክ አውርታለች፤ ይህን የጠየቃት የለም። ወደ በሩ ዞረች።

«ዶክተር፣ አንቺ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው የተማርሽው። ቅርፊት ነበረው?»

«አላውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች ዶክተሯ።

«ማወቅ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ» አለች ዶክተሯ፤ እውነቷን ነው፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«እንግዲያ እንደ ዘበኛ በር ላይ ምን ታደርጊያለሽ? ነይ ቁጭ በይ!»

ሌቫና ጠጋ አለችላት። አግዳሚው ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ዶክተሯ ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ። ሃየም ካካ በመስኮት ሆኖ፣ ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ በጸሎት ሰዓት እንደሚጮኸው አድርጎ ጮኸ፦

«አሥር!»

ዶክተሯ ቅጹን አየችው። በፈቃዱ መጥቶ ለመማር የተቀመጠ ሰው። ብቻዋን ሳቀች፣ የብዕሯን ክዳን ነቀለች፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሥር ብላ ጻፈች። ከጎኑ በትንሹ፣ አንዷ ዶክተር ናት፣ ስለ ዓሣው ግን አታውቅም ብላ ጨመረች።

«ታዲያስ?» አለች ፓሩ፤ እጇ እስካሁን አልወረደም። «ነበረው ወይስ አልነበረውም?»